በፈረስ ጋጣ ውስጥ የሚያድረው ቀይ መብራት

ፊታውራሪው መኪናቸውን የገዙት አዲስ አበባ፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ እንግሊዛዊ ነው። ጥቁር ነች፤ አፍንጫዋ ረዥም፣ መቀመጫዋ ቆዳ፣ በሯ ሲዘጋ እንደ ትልቅ ሣጥን ክዳን ድም የሚል። አሰላ ስትገባ ያኔውኑ አሮጊት ነበረች። ቢሆንም በዚያ ዘመን ከመንግሥት መኪናዎችና ገብስ ከሚጭኑት ካሚዮኖች ሌላ በከተማችን የግል መኪና ያላቸው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ በገበያው በኩል ስታልፍ ሰው ቆሞ ባርኔጣውን ያነሳ ነበር።

እኔ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ናዝሬት፣ አገሩ ሳይመለስ እዚያው የቀረ አንድ ጣልያን ጋራዥ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቼ ሙያውን ከለመድኩ በኋላ ወደ ተወለድኩበት አሰላ ተመልሼ፣ ከገበያው ጀርባ አንዲት የጭቃ ክፍል ይዤ መካኒክ ነኝ ብዬ ተቀምጫለሁ። ሥራ የለም። አንዳንዴ የወፍጮ ሞተር ይበላሻል፤ አንዳንዴ መንገደኛ ካሚዮን ጎማ ይተነፍስበታል። የቀረውን ቀን በሬ ላይ ቆሜ ያቺን ጥቁር መኪና ስትወጣና ስትወርድ አያለሁ። እሷን የያዘ ሰው የፊታውራሪው ግቢ ውስጥ ቤት አለው፤ ቀለብ አለው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መሪውን ይዞ ከተማው መሀል ያልፋል።

የያዛት ሾፌር አርባ ዓመት ያለፈው የአርሲ ሰው ነበር፤ ከጢቾ በኩል የመጣ። በወጣትነቱ የፊታውራሪውን ፈረሶች ይጠብቅ ነበር። መኪናዋ ስትመጣ ፈረሶቹ ተሸጡና እሱ መንዳት ተማረ። መኪናዋ የምታድረውም በድሮው የፈረስ ጋጣ ውስጥ ነው። ጠዋት አፍንጫዋን ወደ ፊት አድርጋ እንድትወጣለት ማታ በኋላ ማርሽ ያስገባታል፤ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ የጋጣውን ትልቅ በር ዘግቶ ይገባል። ጭቃ ነክቷት ካደረች እንቅልፍ አይወስደውም ይሉ ነበር። በዕድሜ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ይበልጠኛል፤ እኔ ግን «አንተ» ነበር የምለው። እኛ ከሸዋ የመጡ ሰፋሪዎች ልጆች እንደ እሱ ያሉትን ሰዎች እንዲያ እንድንጠራ ማንም አልነገረንም፤ ቤታችን ውስጥ ሰምተነው ነው ያደግነው።

አንድ ቀን ገበያው ዳር ቆሞ ኮፈኑን ከፍቶ ውኃ ሲሞላ ደረስኩ። ሰው ከብቦታል። እኔም ባለሙያነቴን ላሳይ ብዬ በሩን ከፍቼ ልገባ ስል፣ «መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» አለኝ። በቁጣ አይደለም። መቀመጫውን ስለሚወድ ነው። እጄም እውነትም ግሪስ ነበር። ሰዎቹ ሳቁ። ከዚያ የሚበልጥ በደል ያ ሰው በድሎኝ አያውቅም። ይህን የምጽፈው ምክንያቴ ምን ያህል ትንሽ እንደነበረ እንዲታወቅ ነው።

በዚያ ዓመት ክረምት ሲገባ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ትል ጀመር። ባትሪው ሞቶ ያድራል። ሾፌሩ ጭሰኞችን እየሰበሰበ ያስገፋታል፤ ፊታውራሪው ካባቸውን ደርበው በረንዳ ላይ ቆመው ያያሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ዝም አሉ። በሁለተኛው ሳምንት «ሌሊት ሌሊት ወዴት ነው የምትሄድባት?» ብለው ጠየቁት። ማለ። በቁርዓን ማለ፤ በልጁ ማለ። አንድ ሰው ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ በጉሎ ምንጭ መንገድ ላይ አንዲት ሴት አለችው ብሎ ለፊታውራሪው ሹክ አላቸው። ወሬው ፈጠራ ነበር፤ ግን ከሾፌሩ ሚስት ጆሮም ደረሰ።

ሾፌሩ በአንድ ዝናባማ ከሰዓት መኪናዋን ወደ እኔ አመጣት። ሌላ የሚሄድበት መካኒክ የለም። «እይልኝ እስቲ፤ አንድ ነገር ኤሌክትሪኩን ሌሊት ይጠጣዋል» አለ። አማርኛው በኦሮምኛ ቅላጼ የተጫነ ነበር፤ ያኔ ስሰማው ሳቄ ይመጣ ነበር። መኪናዋን እንደ ልማዱ በኋላ ማርሽ ወደ ክፍሌ አስገባትና ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ነቅሎ፣ ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

ክፍሌ መስኮት የላትም። ሰማዩም ጠቁሯል። ኮፈኑን ልከፍት በጎኗ ሳልፍ ከመኪናዋ ጀርባ ያለው የጭቃ ግድግዳ ቀላ ብሎ ታየኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የፍሬን መብራቷ በርቷል። ፔዳሉን የረገጠ ሰው የለም፤ ቁልፉም ተነቅሏል፤ መብራቱ ግን ቦግ ብሎ በርቷል።

ወዲያው ገባኝ። በእነዚያ የእንግሊዝ መኪናዎች ፍሬን ሲረገጥ የዘይቱ ግፊት ከሥር የተሰካችውን ትንሽ ማብሪያ ይገፋታል፤ በውስጧ ያሉት ሁለት መዳቦች ይነካካሉ፤ መብራቱም ይበራል። እግር ሲነሳ መዳቦቹ መለያየት አለባቸው። የዚህችኛዋ አርጅታ ዘይት ወደ ውስጧ ዘልቋል፤ መዳቦቹ ተቃጥለው ተጣብቀዋል። ሽቦው ደግሞ በቁልፉ በኩል ሳያልፍ ከባትሪው በቀጥታ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ያ ሰው ማታ ፍሬን ረግጦ መኪናውን ጋጣው ውስጥ ካቆመበት ሰዓት ጀምሮ ቀዩ መብራት ግድግዳውን እያየ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። በሩ ዝግ ነው፤ ዘበኛው ውጭ ነው፤ ማንም አያየውም፤ በቀን ብርሃን ደግሞ አያስታውቅም። ጠዋት ሰው ሲገባ ባትሪው አልቆ መብራቱም ጠፍቷል።

ከሥር ገብቼ ሽቦውን ነቀልኩ። መብራቱ ጠፋ። መልሼ ሰካሁት። በራ። ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ ነገር የለም። ማብሪያዋን ፈትቶ መዳቦቹን በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ፣ ካልሆነም ከአዲስ አበባ ሌላ ማስመጣት። ሰውየው ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ልነግረው እችል ነበር።

ሽቦውን እንደተሰካ ተውኩትና ወጣሁ። ሲመጣ፣ «ምንም የለባትም» አልኩት።

«ምንም?»

«ምንም። ባትሪው ደህና ነው። ሽቦውም ደህና ነው።»

ፊቱን አየሁት። የሆነ ነገር ይገኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር የመጣው። «ደግመህ እየው» አለኝ። «አይቻለሁ አልኩህ» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። ማመስገኑን አልረሳውም።

ከሦስት ቀን በኋላ ፊታውራሪው አስጠሩኝ። ጠዋት ነው፤ ዝናቡ አባርቷል፤ ግቢው ጭቃ ነው። መኪናዋ ዛሬም ሞታ አድራለች። ሾፌሩ ባዶ እግሩን መሀል ላይ ቆሟል፤ ጫማውን ማን እንዳስወለቀው አላውቅም። ሚስቱ ከሠራተኞቹ ቤት ደጃፍ ላይ አለች። ዘበኛው፣ ጭሰኞቹ፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች አሉ። የፊታውራሪው ባለቤት ወይዘሮዋ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል።

«አንተ የመኪና አዋቂ ነህ ይሉሃል» አሉኝ ፊታውራሪው። «ባትሪ እንዲሁ ተቀምጦ፣ ሳይነዳ፣ በራሱ ይሞታል?»

«አይሞትም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ይገድለዋል?»

«ሌሊት መብራት አብርተው ከነዱበት ይደክማል።»

ሾፌሩ ጮኸ። «ውሸት ነው! ጌታዬ፣ መኪና ሲሄድ ባትሪው ይሞላል እንጂ አይጎድልም! ይሄ ሰው ራሱ ያውቀዋል! ይጠይቁት!»

እውነቱን ነበር። መኪና የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያንን ያውቃል። ግን በዚያ ግቢ ውስጥ መኪና የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ፊታውራሪው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ራሴን ወደ ጎን ነቀነቅሁ፤ አንድ ጊዜ፣ በውሸቱ እንደሚያዝን ሰው። ከአፌ ቃል አልወጣም። ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት ሙሉ «ያን ጊዜ እኮ ምንም አልተናገርኩም» እያልኩ ራሴን አታልል የነበረው በዚያች ነገር ነው።

ፊታውራሪው አለንጋውን ለዘበኛው ሰጡት። «አንተም አብረኸው ካልሆንክ ግረፈው፤ እናያለን» አሉት። ዘበኛውና ሾፌሩ በአንድ ግቢ አብረው የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ዘበኛው መጀመሪያ ቀስ ብሎ መታ። ፊታውራሪው «ይሄ ዝንብ ማባረር ነው» ሲሉት፣ አንገቱን ደፍቶ ጀርባው እስኪተለተል ገረፈው። ወይዘሮዋ ተነስተው «ይበቃዋል፤ ስለ ማርያም፣ ይበቃዋል» አሉ። ሰሚ አላገኙም። ሾፌሩ በጉልበቱ ወድቆ ጭቃውን ጨብጦ፣ ቀና ብሎ ወደ እኔ አየ። «አቲ ኒ ቤክታ» አለኝ በኦሮምኛ። አንተ ታውቃለህ ማለቱ ነው። በዚያ ግቢ ኦሮምኛ የማይሰማ ሰው አልነበረም። ማንም ግን ነገሩን አላነሳውም።

ሚስቱ አላለቀሰችም። ልጇን አዝላ ዕቃዋን ሸክፋ በበሩ ስትወጣ አየኋት። እሱን አልጠበቀችውም። እሱ እንደገና በጀመረው ዝናብ እየተንገዳገደ ከኋላዋ ሲከተላት፣ አንድ ጊዜ እንኳን ዞራ አላየችውም። ያኔ ነገሩ አልገባኝም።

ከሰዓት በኋላ ቁልፉ ተሰጠኝ።

የመጀመሪያው ሥራዬ መኪናዋ ሥር ገብቶ የማብሪያዋን ሽቦ መንቀል ሆነ። ላስተካክላት ሞክሬ ነበር፤ መዳቦቹ ተበልተው አልቀዋል። አዲስ ለማስመጣት ደግሞ ምን ሆና እንደነበር ለፊታውራሪው መናገር አለብኝ። ስለዚህ ሽቦውን በጨርቅ ጠቅልዬ ከሥሯ ካለው የሻንሲ ብረት ጋር አሰርኩትና ተውኩት። ባትሪው ከዚያ ቀን ጀምሮ አልሞተም። ፊታውራሪው «አያችሁ? ሌባው ሲሄድ ዳነች» እያሉ ለእንግዳ ሁሉ ያወሩ ነበር። እኔም ያለ ፍሬን መብራት ስነዳ አራት ወር ኖርኩ።

በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ ገብሱ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ፊታውራሪውንና ወይዘሮዋን ይዤ ወደ ናዝሬት ስወርድ፣ ከኢተያ አለፍ ብሎ አንድ ገብስ የጫነ ካሚዮን ከኋላችን ይመጣል። መንገዱ ኮረት ነው፤ አቧራው ያሳውራል። ድንገት ከብቶች ከማሳ ወጥተው መንገዱን ሞሉት። ፍሬን ረገጥኩ። ካሚዮኑ መቆሜን የሚያውቅበት ምልክት አልነበረውም። ሲደርስብን እኔ በመስታወቱ አፍንጫውን እንጂ ሌላ ነገር አላየሁም። ከኋላ የተቀመጡት ወይዘሮዋ ነበሩ። ትከሻቸውና የክንዳቸው አጥንት ተሰበረ። ክንዳቸው ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ ጽዋ እንኳን አላነሳም።

ካሚዮን ነጂው ወርዶ ፀጉሩን ይነጫል። «አልበራም! የኋላ መብራቱ አልበራም! በላዬ ላይ እንዲሁ ቆመ!» ይላል። ሰው ተሰበሰበ። ፖሊስ እስኪመጣ ጊዜ ነበረኝ። ወይዘሮዋን ሰዎች ተሸክመው ከዛፍ ሥር ሲያስቀምጧቸው፣ እኔ ጉዳቷን የማይ መስዬ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። ጨርቁን ፈታሁ። ሽቦውን ከማብሪያዋ ላይ ሰካሁት። ያቺ የተበላሸች ማብሪያ እንደ ድሮዋ ተጣብቃ ነበር፤ መብራቱ ወዲያው በራ። አንደኛው አምፖል ተሰብሯል፤ ሁለተኛው በርቷል።

ፖሊሱ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ። «ይኸው ይሠራል አይደል?» አለው ካሚዮን ነጂውን። ሰውየው ቀዩን መብራት አየ። አፉን ከፈተ። ዓይኑን ማመን አልቻለም። «አልበራም ነበር» አለ፤ በዚህ ጊዜ ግን ድምፁ ራሱን የተጠራጠረ ሰው ድምፅ ሆነ። አስረው ወሰዱት። ፍርድ ቤትም ቀርቤ መሰከርኩበት። ስድስት ወር ተፈረደበት። ሲፈረድበት፣ «ምናልባት አቧራው ሸፍኖብኝ ይሆናል» ብሎ ለዳኛው ሲናገር ሰማሁት። የገዛ ዓይኑን እንዲክድ አደረግሁት።

አደጋው በደረሰ በሳምንቱ ፊታውራሪው ከሰው ለይተው ጠሩኝ።

«ከሥሯ ምን ስታደርግ ነበር?» አሉኝ።

«የተሰበረ ነገር እንዳለ ሳይ፣ ጌታዬ።»

«መብራቱ ስትገባ ጠፍቶ ነበር። ስትወጣ በራ። አይቻለሁ።» እሳቸው ግን አልተቆጡም። ፈገግ አሉ። «የድሮውን ሾፌር ነገርም ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር» አሉኝ። «ያ ሰው ሌባ እንዳልሆነ አጥቼው አይደለም። ከፈረሶቹ ዘመን ጀምሮ አይን አይኔን እያየ የሚመልስልኝ እሱ ብቻ ነበር። አንተ አጋጣሚውን ሰጠኸኝ። ጠቃሚ ሰው ነህ።»

የባለቤታቸው ክንድ በዚያው ቤት ውስጥ በጨርቅ ተንጠልጥሎ ነበር ይህን ሲሉኝ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሾፌራቸው ብቻ ሳይሆን ምስክራቸው ሆንኩ። ከጭሰኛ ጋር ሲካሰሱ ወሰኑ እስከየት እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ እላለሁ። ሁለት ቤተሰብ በእኔ ቃል ከመሬቱ ተነቅሏል። ሕሊናዬ ወቅሶኝ ተውኩት ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ አልተውኩም። ፊታውራሪው አዲስ መኪና ገዙ፤ ከእሷ ጋር ከአዲስ አበባ አዲስ ሾፌር መጣ። በአንድ ጠዋት ዕቃዬ ከግቢው ውጭ ተቀምጦ አገኘሁት። ምክንያት አልተነገረኝም። ዕቃዬን ተሸክሜ በዚያ በር ስወጣ ነው ያ ሰው ትዝ ያለኝ። ከዚያ በፊት ባስበውም ራሴን ለማጽናናት ብቻ ነበር።

ለብዙ ወራት ካመነታሁ በኋላ ጢቾ ሄድኩ። ከፊሉን በካሚዮን፣ ከፊሉን በበቅሎ። ብርዱና ጉሙ አጥንት የሚሰብር ነው። ገበያ ላይ ጠይቄ ቤቱን አሳዩኝ። ደጃፉ ላይ የፈረስ ኮርቻ እየጠገነ ነበር። አርጅቷል። ጎኑን አዘንብሎ ነው የሚቀመጠው። ሲያየኝ አልደነገጠም።

«ልነግርዎት የመጣሁት ነገር አለ» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ «እርስዎ» ማለቴን ልብ ብሎታል፤ ፈገግ ማለት ጀምሮ ተወው።

«በኦሮምኛ ንገረኝ» አለ። «የተገረፍኩት በአማርኛ ነው።»

በኦሮምኛ ነገርኩት። ግድግዳው ላይ ያየሁትን ቀይ መብራት፣ ማብሪያዋን፣ ሽቦውን፣ ራሴን መነቅነቄን፤ ሁሉን። መርፌውን ሳያቆም ሰማኝ። ስጨርስ፣ «ከፍሬኑ ነበር እንዴ?» አለ። «እኔ ሁልጊዜ ከጥሩምባው ይመስለኝ ነበር።» እነዚያን ዓመታት ሁሉ ሽቦ በሽቦ እያሰበ ሲፈልገው ኖሯል።

ከዚያ መርፌውን አስቀምጦ ተነሳ። «ና» አለኝ።

ሁለት ሰዓት ያህል ተጓዝን። የት እንደምንሄድ አልነገረኝም። አንድ ሰፊ አውድማ ዳር ደረስን። አንዲት ሴት ከሌሎች ሴቶች ጋር ገብስ ታበጥራለች። ሚስቱ ነበረች። አሁን የሌላ ሰው ሚስት ነች። ከዚያ ግቢ በወጡ በሁለተኛው ወር ትታው ወደ ወላጆቿ ሄዳ፣ ኋላም አግብታለች። ሌሊት ሌሊት በመኪናው ወደዚያች የጉሎ ምንጭ መንገድ ሴት ይሄድ እንደነበር አምና ነበር። ሲገረፍ ያላለቀሰችው ለዚህ ነው። በመንገድ ዞራ ያላየችውም ለዚህ ነው። ማለላት፤ አልሰማችውም። መካኒኩ ራሱ መስክሮ የለ!

«ንገራት» አለኝ።

ነገርኳት። ሌሎቹ ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ሰሙ። ሰፌዱን እንደያዘች ነበር። ስጨርስ እኔን አላየችም፤ እሱን አየችው። ብዙ አየችው።

«አሁን ይሄን ምን ላድርገው?» አለችው።

 እሱ ግን ከእሷ መልስ ፈልጎ የመጣ ይመስለኛል። እሷ ፊቷን አዙራ ሰፌዷን አነሳች። ገለባው በነፋሱ ወደ እኛ መጣ። አንዲት የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ሴት ልጅ ከአውድማው ማዶ እየሮጠች መጥታ የሴቲቱን ቀሚስ ያዘች። በዝናቡ ቀን እናቷ ጀርባ ላይ የነበረችው እሷ ነች። አባቷን እያየች «ይሄ ማነው?» ብላ እናቷን ጠየቀች።

ተመለስን። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ሲገነጠል ቆመ።

«ልትናገር ባትመጣ ይሻለኝ ነበር» አለኝ። «እሷ የተሳሳተች ነች እያልኩ እኖር ነበር። አሁን ግን ሁለታችንም እንዳልተሳሳትን አወቅሁ፤ ትዳራችን እንዲሁ ተወሰደብን።» ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ። እጁን አልዘረጋልኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

ካሚዮን ነጂው አርቦዬ አካባቢ እንደሚኖር ኋላ ሰማሁ። መንዳት ትቷል አሉኝ፤ ዓይኑን አያምነውም። ከአሰላ ሩቅ አይደለም። ሳልሄድ ቀረሁ። ይቅር አይለኝም ብዬ ሳይሆን የጢቾውን ቀን ሁለተኛ እንዳላየው ፈርቼ ነው። እስካሁንም አልሄድኩም፤ ሰውየውም ሞቷል ይላሉ።